ጠባቂዋ ለምን አትተርክም?

«ከቆዩ ከሚስት ይወልዷል» ይላል ያገራችን ሰው። ሽማግሌዎች ትዕግሥትን ለማስተማር ሲፈልጉ ከሚመዟቸው ምሳሌዎች አንዱ ነው። ልብ ብሎ ላጤነው ግን አንድ የሚገርም ጉድለት አለበት። የሚቆየው ወንዱ ነው፤ የሚወልደውም ወንዱ ነው፤ ሚስት የትዕግሥቱ ዋጋ ሆና መጨረሻ ላይ ብቅ ትላለች። እሷስ? እሱ እስኪመጣ ድረስ ምን በላች? ማን ጠየቃት? ስንት ሌሊት ነቅታ አደረች? አባባሉ ይህን አይነግረንም። «ሦስት ቃል ካላት ተረት ይህን ያህል መጠየቅ ግፍ ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር እስማማለሁ። በመቶ የሚቆጠር ገጽ ያላቸው ልብ ወለዶቻችንም ይህንኑ ጉድለት ተሸክመው ሲገኙ ግን ዝም ማለት ይከብዳል።

ዛሬ ላነሣት የፈለግሁት የወታደሩን ሚስት ነው፤ ባሏ ለግዳጅ ሄዶ መመለሱን የምትጠብቀዋን ሴት። ይህችን ሴት የማያውቅ ሰፈር የለም። ቀበሌ ያውቃታል፤ ዕድር ያውቃታል፤ ባለሱቅ በዱቤ መዝገቡ ያውቃታል። ደራስያኖቻችን ግን የሚያውቋት ከመኪና መስኮት አሻግረው ነው። ዘማቹ ሲሰናበታት ያይዋታል፤ ከዚያ መኪናው ይንቀሳቀሳል፤ እነሱም አብረው ይሄዳሉ። እሷ አቧራው ውስጥ ትቀራለች። ብዕሩ ወደ ግንባር ደርሶ ተኩስ ሲጀምር እኛም አንባብያን እንረሳታለን።

መጠበቅ ከመቼ ወዲህ?

ወደ መጻሕፍቱ ከመግባቴ በፊት አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። የወታደር ሚስት ከጥንት ጀምሮ ቤቷ ተቀምጣ ስትጠብቅ የኖረች ይመስለናል። የአገራችን የዘመቻ ታሪክ ግን ሌላ ነው የሚለው። የድሮ ጦር ሲዘምት ከተማ ነበር የሚነቃነቀው። ሴቷ ስንቁን አሰናድታ፣ በሶውንና ድርቆሹን ይዛ፣ ከጦሩ ጋር ትተማለች። ከሰፈሩበት እህል ትፈጫለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ቁስለኛ ታጥባለች። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘመቻ እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው መዝመታቸውን፣ መቀሌ ላይም እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የመሸገው የጣሊያን ጦር ውሃ እንዲጠማው ምንጩ እንዲያዝ ማድረጋቸውን ሁላችንም ተምረናል። ከእቴጌይቱ ኋላ ስማቸው ያልተመዘገበ እጅግ ብዙ ሴቶች ነበሩ። መከራቸው ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ባላቸው ሲወድቅ እዚያው ናቸው። ሬሳውን ያያሉ፤ ያለቅሱታል፤ ይቀብሩታል። እቤት የቀረች፣ ወሬ ስታነፈንፍ የከረመች ሴት አልነበረችም ማለቴ አይደለም። ይሁንና መጠበቅ የወታደር ሚስት ሁሉ ዕጣ የሆነው ቋሚ ሠራዊት፣ ካምፕና የወር ደመወዝ ከመጡ በኋላ ነው።

ይህን ለውጥ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየን የኮሪያ ዘመቻ ይመስለኛል። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ፑሳን ተጓዘ። ገንቦና ስንቅ ተሸክሞ መርከብ መከተል የለም። ሴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በካርታ ላይ እንኳ አይታው ወደማታውቀው አገር ባሏን ሸኝታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያም ሆኖ የኮሪያው ጥበቃ መጨረሻ ነበረው። በጦርነቱ ዘመን ሦስት ሻለቆች ተራ በተራ ተተካክተዋል፤ የመጀመሪያው ሲመለስ ሁለተኛው ይሄዳል። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ወደቁ፤ በጠላት እጅ የወደቀ ምርኮኛ ግን አልነበረም። እናም ሚስት ወይ ባሏን ትቀበላለች፣ ወይ መርዶዋን ትሰማለች። በመካከል የሚንጠለጠል ነገር አልነበረም።

መንጠልጠሉ የመጣው በኋላ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በታጠቅ ጦር ሠፈር ሠልጥኖ የዘመተው ሚሊሺያ ትናንት አራሽ የነበረ ሰው ነው፤ ሚስቱም በአንድ ጀምበር የወታደር ሚስት ሆነች። በዚያ ጦርነት ተማርከው ሶማሊያ የታሰሩ ኢትዮጵያውያን ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ተስማምተው ምርኮኛ እስኪለዋወጡ ድረስ ከ10 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ሲሄድ በእቅፍ የነበረ ልጅ ሲመለስ ለአቅመ አዳም ተቃርቧል። በሰሜኑ ግንባር ደግሞ የሚተካካ ሻለቃ፣ የሚታወቅ የመመለሻ ቀን አልነበረም። ዘመቻው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ ሠራዊቱ ሲበተን ነው ያበቃው። ያን ጊዜ ወደየቤቱ የተሸኘው ወታደር ከ400 ሺሕ በላይ ነበር። ከዚህ ቁጥር ኋላ ስንት ጠባቂ እንደነበረች አንባቢ ራሱ ያስላ።

የጸጋዬ ዓይን

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ አገር ምን ጻፈ? የዘመቻ ልብ ወለድ ሲባል አስቀድሞ ሁላችንም የምንጠራው የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ»ን ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበው ይህ መጽሐፍ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለውጭ አንባቢ ቀርቧል። ይህን ምክንያት አድርጌ እኔም የአማርኛውን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። የቀይ ኮከብ ዘመቻን ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው የጻፈው በመሆኑ ዛሬም ትኩስ ነው። የስብሰባውን ግርግር፣ የባለሥልጣኑን ከንቱ ውዳሴ፣ የአስመራን ውበትና ሐዘን በዚያ ድፍረት ያሳየን ሌላ መጽሐፍ ማግኘት ይከብደኛል። የማነሣው ነቀፌታ ይህን ሁሉ የሚሽር አይደለም።

ተራኪው ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ነው። ወታደር አይደለም፤ ግን ዘማች ነው፤ ለዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ አስመራ ይላካል። አዲስ አበባ ውስጥ እጮኛው ሮማን ትቀራለች። አስመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ከዚያ ወዲህ ያለው የአንባቢ ሁሉ ትዝታ የፊያሜታ ነው። «ኦሮማይ»ን ያነበበ ሰው ይዛችሁ ስለ ሮማን ብትጠይቁት ጥቂት ያመነታና «እሷማ እጮኛው ነበረች» ብሎ ያልፋታል። አንባቢው አልሰነፈም። ሮማንን የምናያት ጸጋዬ ሲያያት፣ የምናስባትም ጸጋዬ ሲያስባት ብቻ ስለሆነ ነው። ተራኪው «እኔ» ብሎ የሚናገር ዘማች ነውና አውሮፕላኑ ሲነሣ አዲስ አበባ ከነሰዎቿ ትጠፋለች።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ይህ የአተራረክ ስልት ጉዳይ ነው፤ በአንደኛ መደብ የሚተርክ ሰው ያላየውን ሊነግረን አይችልም» ይሉኛል። እውነት ነው። ስልት ግን ምርጫ ነው። በዓሉ መሪውን ለጸጋዬ ሲሰጥ ጦርነት የሚባለው ነገር የሚገኘው ጸጋዬ ባለበት ስፍራ እንደሆነ አብሮ ወስኗል። የመጽሐፉን ስም ተመልከቱ። «ኦሮማይ» ከጣልያንኛ መጥቶ በአስመራ ሰው አፍ የለመደ ቃል ነው፤ አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም እንደ ማለት ነው። ለዘማቹ ተራኪ ተስማሚ ስም ነው፤ እሱ የነገሩን መጨረሻ በዓይኑ ያያልና «አበቃ» ብሎ መናገር ይችላል። የጠባቂዋ ችግር ደግሞ በትክክል ይህን ቃል አለማግኘቷ ነው። ያበቃው መቼ እንደሆነ የሚነግራት የለም።

በየካቲት 1976 ዓ.ም. የሆነውንም እናውቃለን። በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መርዶ አልተነገረም፤ ሬሳ አልተገኘም፤ ባለቤቱና ልጆቹ ለዓመታት በር በር ሲያዩ ኖሩ። ይህን የማነሣው በታላቅ ደራሲ ዕጣ ለመፍረድ አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ቦታ ያላገኘው ጥበቃ በገዛ ቤቱ ገብቶ መቀመጡ ግን ልብን የሚነካ ነገር ነው። ስለ በዓሉ መጥፋት ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው የተጻፈው ግን ማን ወሰደው፣ የት ወሰደው በሚለው ላይ ነው። እቤት የቀሩት እንዴት ኖሩ የሚለው እዚያም ቢሆን ጥቂት ገጽ ነው ያገኘው።

በሰው አገርስ?

ይህ የኛ ጉድለት ብቻ ነው ብዬ በራሳችን ላይ መጨከን አልፈልግም። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ሲሞኖቭ በ1941 እ.ኤ.አ. «ጠብቂኝ» የሚለውን ግጥሙን ለወደዳት ተዋናይት ለቫለንቲና ሴሮቫ ጻፈላት። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ወር «ፕራቭዳ» ላይ ሲወጣ የአገሩ ወታደር ሁሉ የራሱ አደረገው፤ እየቆረጠም ከደብዳቤው ጋር ለሚስቱ ላከው። ግጥሙ ያን ያህል የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው አንድ የሚይዘው ነገር ሰጥቶታል። እስቲ ግን በተቀባይዋ ወገን ሆነን እናንብበው። ወታደሩ የሚተርፈው እሷ አጥብቃ ስለጠበቀች ነው ከተባለ፣ ያልተመለሰው ወታደር ሚስት ምን ልትባል ነው? አጥብቃ ስላልጠበቀች ነው? ግጥሙ ይህን ሊል አልፈለገም፤ ነገር ግን ሸክሙን ጭኖባት ሄዷል። እዚህም ቢሆን የሚናገረው ዘማቹ ነው። ጠባቂዋ መልስ አልጻፈችም፤ ብትጽፍም «ፕራቭዳ» ላይ አልወጣላትም።

ከሁሉም የተሻለ ሆኖ የማገኘው፣ ምናልባት ያስገርማችሁ ይሆናል፣ ከሁሉም የሚያረጀውን ነው። በሆሜር «ኦዲሲ» ውስጥ ኦዲሲየስ 10 ዓመት ሲዋጋ፣ 10 ዓመት ባሕር ላይ ሲንከራተት፣ ሚስቱ ፔኔሎፔ ኢታካ ላይ ትጠብቃለች። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የሚዘነጋው ግን የአተራረኩ ቅደም ተከተል ነው። ከ24ቱ ክፍሎች የመጀመሪያዎቹ አራቱ የጠባቂዎቹ ናቸው። ኦዲሲየስን ራሱን በአካል የምናገኘው በ5ኛው ላይ ነው። ሆሜር አስቀድሞ ወደ ቤቱ ያስገባናል። የሚበላውን ከብት፣ ደጅ የሚጠኑትን 108 ወንዶች፣ አባቱን ሳያውቅ ያደገውን ቴሌማከስን ያሳየናል። ፔኔሎፔ ለአማቷ ለላኤርቴስ የመግነዝ ጨርቅ እየሠራሁ ነውና እስክጨርስ ታገሡኝ ትላለች። ቀን የሸመነችውን ሌሊት እየተረተረች 3 ዓመት ትገፋለች። መጠበቅ እዚህ ሥራ ነው፤ ያውም ብልሃትና ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ።

በመጨረሻ ባሏ ሲመጣ አንገቱ ላይ አትጠመጠምም። ሞግዚቷ «መጥቷል» ብትላት አታምንም። አልጋውን ከክፍሉ አውጡለት ብላ ታዛለች፤ እሱም ይቆጣል፤ አልጋው ከሥሩ ካልተነቀለ የወይራ ግንድ ላይ በገዛ እጁ የሠራው ነውና ሊንቀሳቀስ አይችልም። ይህን ምስጢር ማወቁን ካየች በኋላ ነው ያመነችው። ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ታማኝ ሆና ጠበቀችው ወይ?» እያልን ነው። ሆሜር ጥያቄውን አዞረው። ፈታኟ እሷ ናት፤ የምትጠይቀውም «የመጣው የሄደው ሰው ነው ወይ?» የሚል ነው። ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ለኛ አገር ወታደር ሚስት እንግዳ አይደለም። በዚያችው በተገናኙባት ሌሊት ኦዲሲየስ ገና የሚቀረው ሌላ ጉዞ እንዳለ ይነግራታል። ለአጭር ፈቃድ መጥቶ ተመልሶ የሄደ ባል ያላት ሴት ይህን ገጽ ያለ ማብራሪያ ትረዳዋለች።

«ታሪክ የለውም» ለሚሉ

የጠባቂዋ ነገር ሲነሣ ከጸሐፍት ወዳጆቼ ዘወትር የምሰማው መልስ «መጠበቅ ሴራ የለውም» የሚል ነው። ግንባር ላይ ድርጊት አለ፤ ቤት ውስጥ ሴትዮዋ ተቀምጣለች፣ ከዚያስ? ይህ መልስ የቤቱን ኑሮ አለማወቅ ይመስለኛል።

«ተቆራጭ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ዘማች ከደመወዙ ለቤተሰቡ እየተቆረጠ እንዲሰጥለት የሚተወው ገንዘብ ነው። በዚህች አንድ ቃል ውስጥ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ አለ። ተቆራጩ የሚሰጠው ለሚስት ነው ወይስ ለእናት? ሁለቱ በአንድ ግቢ ቢኖሩስ? ሚስት ወር በገባ ቁጥር ከመሰሎቿ ጋር ትሰለፋለች፤ ሰልፉ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የወሬ ገበያ ነው። የማን ባል ጻፈ፣ የማን ባል ቆሰለ፣ የትኛው ክፍል ተንቀሳቀሰ የሚለው እዚያ ይሰማል። ከፋዩ መዝገቡን ገልጦ ቀና ሳይል ቢቀርና «ለሌላ ጊዜ ተመለሺ» ቢላትስ? ያቺ ሴት ከዚያ ቢሮ እስከ ቤቷ የምትሄደውን መንገድ የሚጽፍ ደራሲ ምን ሴራ ጎደለው?

ደብዳቤውንም አስቡት። ከግንባር ወደ መሐል አገር በሚመጣ ወታደር እጅ ይላካል፤ ሲደርስ የተጻፈበት ቀን ሦስት ወር አልፎታል። «ደኅና ነኝ» ይላል። የሚናገረው ግን ስለ ሦስት ወር በፊቱ ሰው ነው። ያን ደብዳቤ ያመጣው ወታደርም አለ፤ ቡና እየጠጣ ዓይኑን ከዓይኗ የሚያሸሽ። ምን ሰምቷል? ቢጠየቅ ይናገራል? ሴቲቱስ መጠየቅ ትፈልጋለች?

ማለዳም አለ። በባህላችን መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ጎረቤትና ዘመድ ተሰባስቦ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ በር ያንኳኳል። ስለዚህ ለዘማች ሚስት የማለዳ በር ከየትኛውም የመድፍ ድምፅ ይልቅ ያስፈራል። ወተት ሻጭ በማለዳ ቢያንኳኳ ልቧ ይወድቃል። በየቀኑ ሲነጋ የሚሞትና በር ላይ ማንም ሳይኖር ሲቀር የሚነሣ ባል ያላት ሴት፣ ታሪክ የላትም?

ሕጉም ሳይቀር ለሷ አንድ ምዕራፍ ጽፎላታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ጠፍቶ ወሬው ሳይሰማ 2 ዓመት ካለፈ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ መጥፋቱን ማስወሰን እንደሚችል ይደነግጋል፤ ውሳኔው ሲጸናም ጋብቻው ይፈርሳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የመጥፋት ውሳኔን ከሞት ጎን አስቀምጦ ጋብቻ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። ለሕጉ 2 ዓመት ይበቃዋል። ለሴቲቱ ግን ያንን ማመልከቻ መፈረም ባሏን በገዛ እጇ መቅበር ነው። አለመፈረምም ሌላ መዘዝ አለው፤ ሚስት ነሽ ሲሏት ባል የላትም፣ መበለት ነሽ ሲሏት ሞት የላትም። ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት መስቀልኛ መንገድ ይፈልጋል?

ድምፁስ ጠፍቶ ነበር?

አንድ ነገር ግን ላስተካክል። ጠባቂዋ ፈጽሞ ድምፅ አልነበራትም ማለት ስሕተት ነው። በቃል ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ አለች። ወንዱ ፉከራና ቀረርቶ ሲኖረው፣ ሴቷ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ የምታንጎራጉረው እንጉርጉሮ ነበራት፤ ለቅሶ ላይ የምታወርደው ሙሾ ነበራት። እንጉርጉሮው «እኔ» ብሎ የሚጀምር ነው። ናፍቆቱን ብቻ አይናገርም፤ ያማርራል፣ ይሸረድዳል፣ ላኪውን ጌታ በሰምና ወርቅ ይወጋል። ልብ በሉ፤ ማንበብና መጻፍ የማታውቀው ሴት ተራኪ ነበረች። ሕትመት ሲመጣ፣ ልብ ወለድ ሲስፋፋ፣ ፉከራው ወደ መጽሐፍ ገባ፤ እንጉርጉሮው ወፍጮው ዘንድ ቀረ። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ደግሞ እሱም ዝም አለ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የታተሙትን የወታደሮች ትዝታዎች በተቻለኝ መጠን ለማንበብ ሞክሬአለሁ። ብዙዎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ማን የት ተዋጋ፣ ማን ማንን ከዳ የሚለውን ያስረዳሉ። ሚስት ባነበብኳቸው ውስጥ በአብዛኛው የምትገኘው በምስጋናው ገጽ ላይ ነው፤ «በክፉም በደጉም ከጎኔ ያልተለየችው» ተብላ። ከጎኑ ያልተለየችው የት ሆና ነው? እሱ አፋቤት፣ እሷ ደብረ ዘይት ሆና ዓመታት አልፈዋል። ከጎኑ እኮ አልነበረችም፤ መከራውም መለየቷ ነበር።

ስለ መመለሱም ቢሆን ብዙ አልተነገረንም። በ1983 ዓ.ም. የተሸነፈ ሠራዊት አባል ሆኖ ወደ ቤቱ የገባው ሰው ደመወዝ የለውም፤ ማዕረግ የለውም፤ የዘመተበትን ጉዳይ በኩራት የሚያወራበት ዘመን አልፏል። ሚስቱ በበኩሏ ቤቱን ብቻዋን ስታስተዳድር ኖራለች፤ ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ሸጣ፣ ልጅ አስተምራለች። አሁን ማን ነው የቤቱ አዛዥ? ልጁ «አባዬ» የሚለው ማንን ነው? በሌሊት እየጮኸ የሚነሣውን ሰው ማን ያስተኛዋል? አብዛኛው የዘመቻ ታሪክ በመገናኘት ዕልልታ ያልቃል። እውነተኛው ችግር ግን የሚጀምረው ዕልልታው ካበቃ በኋላ ነው፤ የፔኔሎፔ ፈተናም የሚገባን ያን ጊዜ ነው።

ያላረጀ ጉዳይ

ነገሩ ያለፈ ዘመን ወሬ ቢሆን ይህን ያህል አላደክማችሁም ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪዎች አብዬ ላይ ተሰማርተው ሲቆዩ ሚስቶቻቸው በሞባይል ያገኟቸው ነበር። ስልክ መጠበቅን ያቀለለው ይመስላል። አንድ ነገር ግን ጨምሮበታል፤ ዱሮ ዝምታ የመንገዱ ርቀት ነበር፤ አሁን ዝምታ ራሱ ወሬ ሆኗል። ትናንት የደወለ ሰው ዛሬ ካልደወለ፣ መስመሩም «ማግኘት አይችሉም» የሚል የተቀዳ ድምፅ ብቻ ከመለሰ፣ ሴቲቱ ሌሊቱን እንዴት እንደምታሳልፈው መገመት አያስቸግርም።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ይህን ሌሊት ያሳለፉት በአንድ ወገን ያሉ ብቻ አይደሉም። በሁሉም ወገን የዘማች ሚስት ነበረች። ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት በትግራይ፣ ጦርነቱ ከቆመ አንድ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለቤተሰቦች መርዶ ተነግሮ የ3 ቀን ሐዘን ታወጀ። በየቤቱ ለየብቻ ሲጠበቅ የነበረው ማለዳ ለብዙ ቤት በአንድ ጊዜ መጣ። የእነዚህ ሴቶች የጥበቃ ዓመታት በየትኛው መጽሐፍ ይቀመጣሉ? ከዚህ ቀደም እንዳደረግነው የጦር አዛዦቹን ትዝታ ብቻ አሳትመን ካለፍን፣ ነገ የሚያነብ ትውልድ ጦርነት ማለት ከምሽግ እስከ ምሽግ ያለው ስፍራ ብቻ ይመስለዋል። ጦርነት ርካሽ የሚመስለው ደግሞ ሒሳቡ በዚያ ስፍራ ብቻ ሲሰላ ነው።

የምጠይቀው ሐውልት አይደለም። «ታማኟ የዘማች ሚስት» የምትባል ነጭ የለበሰች ቅድስትም አልጠየቅሁም፤ እሷን ዘፈኖቻችን ጠግበዋታል። የምጠይቀው የምትሰለች፣ የምትቆጣ፣ አንዳንድ ቀን የባሏን ፊት ለማስታወስ የሚቸግራት፣ ተቆራጩን ቆጥራ ለአማቷ ግማሹን ብቻ የምትነግር፣ በመጨረሻም «እኔ» ብላ የምትናገር ሰው ነው። ደራሲው ወንድ ቢሆንም ሴት ብትሆንም ግድ የለኝም፤ ብቻ መኪናው ሲንቀሳቀስ አብሮ አይሂድ፤ ይውረድና እቤት ይቅር።

ከየት ልጀምር ለሚል ጸሐፊ አንድ የተዘጋጀ ርእስ አለ። ጸጋዬ አስመራ የከረመበትን ጊዜ ሮማን አዲስ አበባ ላይ እንዴት አሳለፈችው? ማን ነገራት? ምን ብላ መለሰች? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ እስካሁን እጄ አልገባም። የጻፈው ሰው ካለ ያሳውቀኝ፤ ገና የሚጽፈው ካለም ከወዲሁ አንድ አንባቢ አለው።